አልበቀለም

ሐንፈሬ ከአፍዴራ ጨው ጭኖ ሲመጣ፣
አዳማ መግቢያ ላይ ሞተር አጥፍቶ ወጣ።
ጎማውን በጫማው መታ መታ አረገና፣
አንድ ቋጠሮ ፌስታል ሰጠኝ ከጋቢና።
«ያልሽኝ ዘር ይኸውልሽ፣ ከመንገዱ ዳር ነው፤
ግመል የሚግጠው፣ ሥሩ ጨው የቃመው።»
ስሙን ባፋርኛ ሁለቴ ነገረኝ፤
ቤተ ሙከራው በር ሳልደርስ ጠፋብኝ።
«ናሙና ሰባት» ስል መዝገብ ላይ ጻፍኩት፤
ስም ለጠፋው ነገር ቁጥር አወጣሁለት።

ፍሬው ከኑግ ያንሳል፤ ትንፋሽ ይበትነዋል።
መስኮቱን ዘጋሁ። የአዳማ ነፋስ እንደሁ
ያልተቋጠረ ነገር አይምርም፤
ከኮረብታው ላይ እነዚያን ነጫጭ ክንፎች ሲያዞር ውሎ
ማታ ማታ የእኛን በር ይገፋል።
በወረንጦ አምሳ አምሳ ለቀምኩ፣
በክብ ሳህን፣ በእርጥብ ወረቀት ላይ አስተኛሁ፦
ለአንዱ ንጹሕ ውኃ፣
ለአንዱ የእንባ ያህል ጨው፣
ለአንዱ፣ ወጥ ቢሆን የሚደፋበት ያህል፣
ለአንዱ ምላስ የሚልጥ፣ ሐንፈሬ በጆንያ የሚጭነው ዓይነት።
እያንዳንዱን ሁለት ሁለት አደረግኩ፤
አንዱ ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ፣
አንዱ አርባ ላይ፣
ሹፌር መሪውን በጨርቅ የሚይዝበት ሰዓት ላይ።

ቀን ሦስት። ሃያ አምስት ዲግሪ፣ ንጹሕ ውኃ፦ ሠላሳ አንድ።
ቀን አምስት። ንጹሕ ውኃ፦ አርባ አራት። የእንባው፦ አሥራ ዘጠኝ።
አርባ ዲግሪ፣ ንጹሕ ውኃ፦ ሃያ ሁለት።
ቀን ስምንት። መብራት ሄደ፤ ለጄነሬተሩ ናፍጣ የለም።
ሳጥኖቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ
እንደ አራስ ጠያቂ አጠገባቸው አመሸሁ።
ቀን አሥራ አራት። የሚደፋው ወጥ፦ ሁለት።
ቀን ሃያ። የሐንፈሬ ጨው፦ ዜሮ። በአርባውም ዜሮ።

«ሞቷል ብዬ ልጻፍ?» ስለው ቶሌራን፣
መነጽሩን አውልቆ አየና ሳህኑን፣
«‹አልበቀለም› በይ፤ ‹ሞተ› ሌላ ቃል ነው፤
ጨው ውኃ ነሥቶት፣ ተኝቶስ እንደሆን ማን አየው?
እጠቢውና ጠብቂ።»

አጠብኩት። በሻሽ አጥልዬ ሦስቴ አለቀለቅኩት።
አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ውኃ ሰጠሁት።
በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ባጃጆቹ ገና ሳይንጫጩ፣
የሃያ አምስቱ ሳህን ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር አየሁ፤
ጨው ቀርቶበት ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ።
ጨው አልነበረም። ሥር ነበር።
ሠላሳ ሰባት ሥር፣ እንደ ሕፃን ጥርስ ብቅ ያለ።
ቀና ብዬ የምጠራው ሰው አጣሁ።

የአርባውንም አጥቤው ነበር።
በወረንጦ ነካ ሳደርጋቸው ለስልሰው ፈረጡ፣
ግራጫ ውኃ ሆኑ።
ጨዉ ብቻውን አስተኝቶ ነበር፤
ሙቀቱም ብቻውን ግማሹን ለቆ ነበር፤
ሁለቱ ሲገጥሙ የተኛው በተኛበት ቀረ።
እዚያ ላይ «ሞተ» ብዬ ጻፍኩ።
አምሳ ቆጥሬ፣ አንድ ቃል።

ዛሬ የጨው መኪና ቆሞ ከማደያው ደጃፍ፣
ሮጥኩኝ ያንን ስም ጠይቄ ለመጻፍ።
መሪው ላይ ያለው ሌላ ልጅ ነው፣ የበቆጂ ሰው፤
«ሐንፈሬ መስመር ቀየረ» አለኝ፣ «ቁጥቋጦ ማን ያውቀው?»

ተመልሼ መዝገቡን ገለጥኩ።
ሁለቴ የሰማሁት ስም ነው፤
ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል፣ የትም አልሄደም፤
ሙቀት ይሁን ጨው፣ ምን እንደያዘው አላውቅም።
ከሰባት ቁጥር ጎን፣ «ስም» ከሚለው ሥር፣
«የማይታወቅ» ያልኩትን ሰረዝኩና
ጻፍኩ፦
አልበቀለም።